የደጃዝማች የኔነው ቤት

[መካነ ሰላም፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል። አሁን በሩ ላይ «ሙዚየም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የገብሱ ሽታ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። አቶ ፈንታሁን የቅርስ ባለሙያ ነው። ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ ስለ ዲግሪው ያልሰማ ሰው በከተማው ውስጥ ካለ፣ ትናንት የተወለደ ሕፃን መሆን አለበት። እትዬ ኡሙልኸይር ደግሞ የሙዚየሙ ጽዳትና ቁልፍ ያዥ ናቸው። ዕድሜያቸው ከፈንታሁን እናት አያንስም፤ እሱ ግን «አንቺ» ይላቸዋል። በዚህ አገር ይህ ነውር ነበር። ምን ይደረግ፣ ዲግሪ ሲገባ ነውር ይወጣል።

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ሙዚየም፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በዚህ አካባቢ የተነሡ ፎቶዎችንና የተሳሉ የቤት ንድፎችን፣ ቅጂያቸውን በቱቦ ጠቅልሎ ልኳል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንግዶች መጥተው ዐውደ ርእዩን ይከፍታሉ። ፈንታሁን የመጀመሪያውን ንድፍ ሊሰቅል መዶሻ ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። እትዬ ኡሙልኸይር ወንበሩን ይዘዋል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ፈንታሁን፦ ተገልብጧል አልኩሽ!

ኡሙልኸይር፦ ባለሙያው፣ ክብ ነገር ደሞ በየት በኩል ይገለበጣል?

ፈንታሁን፦ ክብም ቢሆን ራስና እግር አለው!

ኡሙልኸይር፦ ወላሂ አልሰማሁም። ይኼን ሁሉ ዘመን ሰፌድ ስይዝ ራሱን ይዤ ይሁን እግሩን ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

ፈንታሁን፦ ይሄ ሰፌድ አይደለም እትዬ። ፕላን ነው።

ኡሙልኸይር፦ እሱንማ አውቀዋለሁ። የሩብ ዓመት ፕላን፣ የግማሽ ዓመት ፕላን። መስከረም ላይ ይሰቀላል፣ ማንም አያየውም፣ ሰኔ ላይ አቧራውን ጠርጌ አወርደዋለሁ።

ፈንታሁን፦ እሱ ዕቅድ ነው! ይሄ የቤት ፕላን ነው። ቤቱን ከሰማይ ሆነሽ ቁልቁል ስታይው ማለት ነው።

ኡሙልኸይር፦ ከሰማይ ሆኜ? ታዲያ ጣሪያው አይጋርደኝም?

ፈንታሁን፦ ጣሪያው ተነሥቷል።

ኡሙልኸይር፦ [ወንበሩን ለቀው ራሳቸውን ይዘው] ያ አላህ! ነገ አይደል እንዴ ያላችሁት?

ፈንታሁን፦ [ወንበሩ ላይ እየተንገዳገደ] ወንበሩን! ወንበሩን ያዢ! ምኑ ነው ነገ?

ኡሙልኸይር፦ የኔ ቤት ነዋ! ነገ ጧት ዶዘር ይመጣል ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባው። ጣሪያው ተነሥቷል ሲሉኝ የኔው መሰለኝ።

ፈንታሁን፦ እኔ ስለ ሥዕል ነው የማወራው! ያንቺን ቤት ማን አነሣው?

[ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚየሙ የመኪና ማቆሚያ የለውም። እስካሁን መኪና ይዞ የመጣ ጎብኚም የለም፤ አንድ ሰውዬ በሞተር መጥቶ መንገድ ጠይቆ ሄዷል። ቢሆንም «የሙዚየም ማስፋፊያ ኮሚቴ» የሚባል ተቋቋመ፤ ከሙዚየሙ ጀርባ ያለው ቁጥር አርባ ሰባት ቤት ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ወሰነ። ቁጥር አርባ ሰባት የእትዬ ኡሙልኸይር ቤት ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ ይኸው ፈንታሁን ነው። ቲተሩን ውሳኔው ላይ ያሳረፈው ቢሮው ቁጭ ብሎ ነው። ዞሮ ቤቱን አላየውም። የዚያን ቀን ዝናብ ነበር።]

ኡሙልኸይር፦ እንዲያው አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢያዩት ምናለ? አሥር እርምጃ ነው። ዛሬ ደሞ ዝናብ የለም።

ፈንታሁን፦ እትዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ቅርስ ቢሆን ኖሮ አይነካም ነበር። ያንቺ ግን አሮጌ ቤት ነው።

ኡሙልኸይር፦ ቅርስና አሮጌ ቤት በምን ይለያያሉ?

ፈንታሁን፦ ቅርስ ወረቀት አለው። አሮጌ ቤት ወረቀት የለውም።

ኡሙልኸይር፦ ወረቀት ካለው አይነካም?

ፈንታሁን፦ ንድፍ ካለው፣ ፎቶ ካለው፣ ባለሙያ ፈርሞ ማኅተም ካሳረፈበት፣ እንኳን ዶዘር ዝንብ አታርፍበትም!

ኡሙልኸይር፦ [በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ለራሳቸው] ንድፍ። ፎቶ። ማኅተም። [ጮክ ብለው] እኔ ቤቱ ውስጥ ተወልጄበታለሁ። ተድሬ ወጥቼ፣ ባሌ ሲሞት ተመልሼ የገባሁት እዚያው ነው። ሌላ የምገባበት የለኝም። ይኼ ወረቀት አይሆንም?

[ፈንታሁን መዶሻውን ዝቅ አደረገ። የእናቱ ቤት ትዝ አለው። ከዚያ ሰዓቱን አየ።]

ፈንታሁን፦ እሱ ስሜት ነው እትዬ። ስሜት ደግሞ መዝገብ ቁጥር የለውም። ነይ፣ ሥራችንን እንሥራ።

ኡሙልኸይር፦ እሺ ጌታዬ። እኔ መሃይም ነኝ፣ አንቱ ያስተምሩኝ። ይቺ ከሰፌዱ ሥር ያለችው ጽሑፍ ምን ትላለች?

ፈንታሁን፦ አንድ ለመቶ።

ኡሙልኸይር፦ ኧረ በአላህ! የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ወገቤን ቆርጦት እስካሁን አልዳንኩም፣ ጭራሽ አንድ ለመቶ?

ፈንታሁን፦ የስብሰባ አይደለም! መጠን ነው። እዚህ አንድ ከሆነ እዚያ መቶ ነው ማለት ነው።

ኡሙልኸይር፦ አሃ! ገባኝ። እንደ ሪፖርት።

ፈንታሁን፦ እንደ ምን?

ኡሙልኸይር፦ እንደ ሪፖርት ነዋ። መሬት ላይ አንድ፣ ወረቀት ላይ መቶ።

ፈንታሁን፦ ተገላቢጦሹ ነው! ወረቀት ላይ አንድ፣ መሬት ላይ መቶ!

ኡሙልኸይር፦ እንዲህ ያለ ወረቀት እንኳ በዘመኔ አይቼ አላውቅም። በርግጥም ከባሕር ማዶ ነው የመጣው።

ፈንታሁን፦ [ከወንበሩ ወርዶ ሁለተኛውን ንድፍ እየዘረጋ] ይሄኛው ደግሞ ቁርጥ ይባላል።

ኡሙልኸይር፦ [ደንግጠው ዙሪያውን አይተው] ባለሙያው! ዛሬኮ ረቡዕ ነው!

ፈንታሁን፦ ረቡዕ ቢሆንስ?

ኡሙልኸይር፦ አንቱ ክርስቲያን አይደሉ? እኔ እንኳ የጎረቤቶቼን ጾም አውቃለሁ። በረቡዕ ቁርጥ?

ፈንታሁን፦ የቤት ቁርጥ ነው እትዬ! ቤቱን ልክ እንደ ዳቦ ከላይ እስከ ታች በቢላ ለሁለት ብትከፍይው፣ ውስጡ እንዲህ ይታያል ማለት ነው።

ኡሙልኸይር፦ በቢላም ታፈርሳላችሁ? እኔ በዶዘር ብቻ መስሎኝ።

ፈንታሁን፦ አሁንም ወደ ቤትሽ ልትመለሺ ነው?

ኡሙልኸይር፦ እስከ ነገ ጧት መመለስ እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንጃ። እዚህ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎችስ?

ፈንታሁን፦ «ኤ» እና «ኤ»።

ኡሙልኸይር፦ ምን ደርሶበት ነው?

ፈንታሁን፦ ማን?

ኡሙልኸይር፦ የሣለው ሰውዬ። ኤ... ኤ... እያለ የሚያለቅሰው።

ፈንታሁን፦ ለቅሶ አይደለም፣ ደረጃ ነው! ኤ ማለት አንደኛ ደረጃ ማለት ነው። ይሄ ቤት ደግሞ ኤ–ኤ ነው። ሁለት ጊዜ አንደኛ! በዚህ አገር እንዲህ ያለ ደረጃ ያገኘ ቤት የለም።

ኡሙልኸይር፦ ማሻአላህ! እሱንም በመግለጫው ላይ ይጻፉት እንጂ።

ፈንታሁን፦ ምኑን?

ኡሙልኸይር፦ ሁለት ጊዜ አንደኛ መሆኑን። ደሞ ማንም እንዳይነካው።

ፈንታሁን፦ ሥዕሉን?

ኡሙልኸይር፦ ቤቱን ቢሉት አይሻልም? ሥዕሉማ ግድግዳ ላይ ነው፣ ማን ይነካዋል?

[ፈንታሁን አሰበና «ዕውነቷን ነው፣ ቃሉም ክብደት አለው» አለ በልቡ። ነጭ ካርቶን አውጥቶ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦ «ደረጃው ኤ–ኤ የሆነ ብርቅ ቅርስ። ቤቱን መንካት፣ መነቅነቅ ወይም ማፍረስ ክልክል ነው።» ራቅ ብሎ አየው። ወደደው።]

ኡሙልኸይር፦ ይቺ ከጎን ያለችው ቀስትስ?

ፈንታሁን፦ ጫፏ ላይ «ኤን» የሚል የፈረንጅ ፊደል አለ። ኤን ማለት «ን» ነው። «ን» ደግሞ ንጉሥ። እንግዲህ ቀስቷ የንጉሡን መቀመጫ ታመለክታለች። ንጉሡ ሲመጣ የሚያርፍበት ዙፋን እዚህ ጋ ነበር።

ኡሙልኸይር፦ በዚያ በኩልኮ የጥጃ ማሰሪያ ነበ...

ፈንታሁን፦ ምን አልሽ?

ኡሙልኸይር፦ የጥጃ ማሰሪያ ይመስላል አልኩ እንጂ።

ፈንታሁን፦ ዙፋን ነው!

ኡሙልኸይር፦ ይሁን ጌታዬ። ጥጃም ቢሆን ንጉሥ ነው፤ ሳይሠራ ይጠባል።

ፈንታሁን፦ አሁን ዋናውን ስሚ። ሦስት ቀን የደከምኩበት እሱ ነው። የቤቱ ባለቤት! ማንም ያልደረሰበትን ደርሼበታለሁ። እዚህ ጥግ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። [በጣቱ እየተከተለ] የ... ኔ... ነው።

ኡሙልኸይር፦ የኔ ነው?

ፈንታሁን፦ የኔነው! «የኔነው ቤት» ይላል።

ኡሙልኸይር፦ [ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ] አልሐምዱሊላህ!

ፈንታሁን፦ ምን ሆንሽ ደግሞ?

ኡሙልኸይር፦ የማን መሆኑ መታወቁ ደስ ብሎኝ ነው።

ፈንታሁን፦ ደስ ይላል! አየሽ፣ ይሄነው የሚባል ስም አለ። የኔአለም የሚባል ስም አለ። የኔነው ደግሞ የእነሱ ታላቅ ነው፣ የጥንት ነው። በዚያ ዘመን ባለ ደርብ ቤት ያለው ሰው መቼም ተራ ሰው አይሆንም። ስለዚህ ደጃዝማች ነው። ደጃዝማች የኔነው!

ኡሙልኸይር፦ ደጃዝማችነቱንም ፈረንጁ ነው የጻፈው?

ፈንታሁን፦ እሱን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩለት።

ኡሙልኸይር፦ ጥሩ አደረጉ። ሹመቱ ዘገየበት እንጂ ይገባው ነበር።

ፈንታሁን፦ ሠሪውም ታውቋል። ከሥሩ ተጽፏል። አል–ዓውኪም።

ኡሙልኸይር፦ አል... አላውቅም?

ፈንታሁን፦ አንቺ ባታውቂም እኔ አውቃለሁ! አል–ዓውኪም! ከስሙ ፊት «አል» ካለ ዓረብ ነው። ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ታላቅ ግንበኛ ነው።

ኡሙልኸይር፦ ዘመዶቹ ለካ ብዙ ናቸው! ይኼን የማፍረሻ ደብዳቤ ይዤ «ማን ነው የወሰነው?» እያልኩ ስንት ቢሮ ዞርኩ። የገባሁበት ሁሉ አል–ዓውኪም ነው ያለኝ።

[ፈንታሁን አልሰማቸውም፤ ፎቶውን እያወጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ከድንጋይ የተሠራ፣ የሣር ክዳን ያለው፣ ክብ ባለ ደርብ ቤት። በውጪ በኩል ወደ ደርቡ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ሦስተኛዋ ድንጋይ መሐል ለመሐል ተሰንጥቃለች። ደረጃው ሥር አንዲት ልጅ ዶሮ አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷን ክፉኛ አኮሳትራለች።]

ኡሙልኸይር፦ [ድምፃቸው ቀጥኖ] ይቺ... ይቺ ልጅስ ማናት?

ፈንታሁን፦ ልዕልት ናት። የደጃዝማች የኔነው ልጅ።

ኡሙልኸይር፦ ልዕልት ዶሮ ታቅፋለች?

ፈንታሁን፦ ዶሮዋ የሥልጣን ምልክት ናት። ገና ሳይነጋ ቀድማ የምትነቃ፣ ሕዝቧን የምትቀሰቅስ...

ኡሙልኸይር፦ እሱ አውራው ነው። ይቺኮ ቄብ ናት።

ፈንታሁን፦ ሴት ልዕልት ስለሆነች ነዋ! ፊቷንስ አየሽው? ይሄ ተራ ፊት አይደለም። የገዢ መደብ ፊት ነው። ቁጣ፣ ግርማ ሞገስ...

ኡሙልኸይር፦ ፈረንጁ ዶሮዋን እንዳይበላባት ፈርታ ቢሆንስ?

ፈንታሁን፦ [ከልቡ እየሳቀ] ኧረ እትዬ ኡሙልኸይር! አንቺ ታሪክ ብትጽፊ ኖሮ አገር ያልቅለት ነበር። አሁን በይ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። እኔ ደጅ ስቀበላቸው አንቺ እዚህ ትቆሚያለሽ። ቤቱን አይተው አንድ ነገር መጠየቃቸው አይቀርም። «የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?

ኡሙልኸይር፦ እውነቱን ልበል?

ፈንታሁን፦ እውነቱን ነዋ!

ኡሙልኸይር፦ የኔ ነው።

ፈንታሁን፦ ጎበዝ! ግን አትፍሪ፤ ፊትሽን ቀና፣ ድምፅሽን ከፍ። እንደገና። የማን ነው?

ኡሙልኸይር፦ የኔ ነው!

ፈንታሁን፦ እርግጠኛ ነሽ?

ኡሙልኸይር፦ ወላሂ የኔ ነው!

ፈንታሁን፦ ቢከራከሩሽስ?

ኡሙልኸይር፦ እስክሞት የኔ ነው!

ፈንታሁን፦ እሰይ! አየሽ፣ ቀስ ብሎ ካስተማሩት ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ኡሙልኸይር፦ አስተማሪው ጥሩ ሲሆን ነው። ግን ባለሙያው፣ ይኼ መግለጫ እንዲሁ ሲታይ ባዶ ሆነብኝ። ያቺ አንቱ የሚመቱባት ነገር አልጎደለችውም? ማኅተሟ?

ፈንታሁን፦ የሙዚየም መግለጫ ማኅተም አይመታበትም።

ኡሙልኸይር፦ እሺ። እኔማ እንግዶቹ «ይኼን ሁሉ ምርምር ማን ነው ያደረገው?» ብለው ስምዎ ቢጠፋቸው ብዬ ነው።

[ፈንታሁን ወደ ግድግዳው አየ። ወደ መግለጫው አየ። እጁ ሳያዘው ኪሱ ገባ። መጀመሪያ ፈረመ፣ ቀጥሎ ቲተሩን መታ፣ ቀጥሎም የክብ ማኅተሙን አሳረፈበት፤ አንዱ ቢደበዝዝ ብሎ ሁለት ጊዜ። ደጅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሮጦ ወጣና እንግዶቹን ይዞ ተመለሰ። ከደሴ የመጡት የእንግዶቹ መሪ ወይዘሮ የሻለም ይባላሉ፤ የማስፋፊያ ኮሚቴው ተጠሪነቱም ለእሳቸው ነው። ፎቶው ፊት ሲደርሱ ቆሙ።]

የሻለም፦ ኧረ ይሄ እንዴት ያለ ግሩም ቤት ነው! የማን ነው?

ኡሙልኸይር፦ [ፊታቸውን ቀና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው] የኔ ነው!

ፈንታሁን፦ [በኩራት] አዎ ክብርት፣ የኔነው ነው።

የሻለም፦ የማናችሁ ነው?

ፈንታሁን፦ የኔነው።

የሻለም፦ ያንተ ነው?

ፈንታሁን፦ የኔ አይደለም፣ የየኔነው ነው!

ኡሙልኸይር፦ እስክሞት የኔ ነው!

የሻለም፦ አሁንስ ግራ አጋባችሁኝ! አንዳችሁ ቁርጡን ንገሩኝ።

ኡሙልኸይር፦ ቁርጡ ያ ሁለተኛው ሥዕል ነው፣ ክብርት።

ፈንታሁን፦ [ላቡን እየጠረገ] ክብርት፣ ሰው ነው። ደጃዝማች የኔነው የሚባል የጥንት መስፍን። ቤቱን የሠራለት አል–ዓውኪም የተባለ የየመን ግንበኛ ነው። የቤቱ ደረጃ ኤ–ኤ ነው።

የሻለም፦ ይገርማል! ቤቱ ዛሬም አለ?

ፈንታሁን፦ አይ፣ ጠፍቷል ክብርት። ቢኖር ኖሮ እኔ አላውቀውም ነበር? በእግሬ ያልረገጥኩት ቦታ የለም።

[እትዬ ኡሙልኸይር ወደ ጀርባው መስኮት ሄዱ። መስኮቱ ላይ ፈንታሁን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ሰቅሎበት ነበር። ጨርቁን በአንድ እጃቸው ገለጥ አደረጉና የመስኮቱን መዝጊያ ከፈቱት።

ፈንታሁን አየ። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ክብ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ቆሟል። ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። በውጪ በኩል የድንጋይ ደረጃ አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ፤ ሦስተኛዋ ተሰንጥቃለች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት አለ፤ ከሥሩም «47» ይላል። ወደ ፎቶው ዞረ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ የልዕልቲቱን ኩስትር ያለ ፊት አየና ወደ እትዬ ኡሙልኸይር ቀስ ብሎ ዞረ። እሳቸውም ልክ እንደዚያው አኮሳትረው ቆመዋል፤ የጎደለችው ዶሮዋ ብቻ ናት።]

ፈንታሁን፦ እትዬ... እርስዎ... ልዕልቷ እርስዎ ነዎት?

[«እርስዎ» አለ። ስምንት ወር ሙሉ ያልወጣችው ቃል ራሷን ችላ ወጣች።]

ኡሙልኸይር፦ አዎ ልጄ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈረንጁ ሲለካ የሜትሩን አንዱን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አስተርጓሚው የነገረኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ኤን ማለት ሰሜን ነው። ኤና ኤ ማለት ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተቆርጦ ሲታይ ማለት ነው። ዙፋኑ ላይ የታሰረችው ጥጃችን ደግሞ ቦራ ትባል ነበር።

የሻለም፦ ደጃዝማች የኔነውስ?

ኡሙልኸይር፦ አባቴ ይመር ነው፣ አላህ ይዘንለትና። አስተርጓሚው በሦስተኛው ቀን ታመመ። ፈረንጁ ብቻውን መጣና ጣቱን ወደ ቤቱ ቀስሮ በምልክት ጠየቀው። አባቴ የሚወስዱበት መሰለው። ደረቱን መታና «የኔ ነው!» አለ። ፈረንጁ ጻፈ። ማን ሠራው ብሎ ደግሞ ጠየቀው መሰለኝ፤ አባቴ ምኑም አልገባውም፣ «አላውቅም» አለው። እሱንም ጻፈ።

ፈንታሁን፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ኡሙልኸይር፦ ስንት ጊዜ ዞር ብለህ እይ አልኩህ? ስሜት ነው አልከኝ። አሮጌ ቤት ወረቀት የለውም አልከኝ። እኔ ታዲያ ወረቀት ከየት አመጣለሁ? አንተው ሠራህልኝ። ጀዛከላህ፣ ጽሑፍህም ያምራል።

[ወይዘሮ የሻለም መግለጫውን ከግድግዳው ላይ አነሡ። እትዬ ኡሙልኸይር ደግሞ ከመቀነታቸው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮ የሻለም ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ።]

የሻለም፦ [እያነበቡ] «ቁጥር 47 አሮጌ ቤት ሐሙስ ጧት ይፍረስ።» ፊርማና ማኅተም። «ቤቱን መንካት፣ መነቅነቅ ወይም ማፍረስ ክልክል ነው።» ፊርማና... ሁለት ማኅተም። አቶ ፈንታሁን፣ አንድ ቤት ነው፣ አንድ ቲተር ነው። የትኛውን ልመን?

ፈንታሁን፦ የ... የዛሬውን ክብርት። ሁለት ማኅተም ያለውን።

የሻለም፦ እንግዲያው ዶዘሩ ባለበት ይቅር። ቀይ ቀለሙን ደግሞ የቀባው ሰው ራሱ ያጥባል። ሙዚየም ገንብተን፣ የቤቱን ሥዕል ሰቅለን፣ ሥዕሉን ለማየት የሚመጣው ሰው መኪና እንዲያቆም ቤቱን ልናፈርስ! [ደብዳቤውን ከፍ አድርገው ለእንግዶቹ እያሳዩ] አሁን አንድ ነገር ብቻ ይነገረኝ። ይሄ ይፍረስ የሚለው ፊርማ የማን ነው?

[እንግዶቹ ሁሉ ወደ ፈንታሁን ዞሩ። ፈንታሁን ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ወደ ጣሪያው አየ፤ ጣሪያው አልተነሣም። ያኔ እትዬ ኡሙልኸይር ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።]

ኡሙልኸይር፦ አብሽር ልጄ፣ አትፍራ። ቅድም አስተምረኸኝ የለ? ፊትህን ቀና፣ ድምፅህን ከፍ። የማን ነው ሲሉህ ምን ትላለህ?

ፈንታሁን፦ [መሬት መሬት እያየ] የኔ... ነው።

ኡሙልኸይር፦ ጎበዝ! [ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ ለጥ ብለው እጅ እየነሱ] ክቡራን፣ በእግር በፈረስ ሲፈለጉ የነበሩት ደጃዝማች የኔነው ተገኝተዋል። ይኸውላችሁ፣ ቆመዋል!